ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ቡስተር ልግዛ ወይስ ሌላ መላ አለ? (ፉሪ አካባቢ)

ሰናይት ዘፉሪ | እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡20

እንደምን አመሻችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የምጽፈው፤ የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ እርዱኝ።

ቤታችን ፉሪ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ላይ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ኮርኒስ አለው። ከእናቴ ጋር ከገባን ሦስት ዓመት ሆነን። ኔትወርክ መጀመሪያም ደካማ ነበር፤ መስኮት አጠገብ ሲሆን ግን ይሠራ ነበር። ከጥቂት ወራት ወዲህ ጭራሽ ብሶበታል። ሰው ሲደውልልኝ አይገባም። እኔ ስደውል ዝም ይልና ይቆረጣል። ከገባም እኔ እሰማቸዋለሁ፣ እነሱ ግን «ሄሎ፣ ሄሎ» እያሉ ይዘጉታል።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት እናቴ ስኳሯ ወረደ። ላብ በላብ ሆናለች፤ ስጠራት አትመልስልኝም። አምቡላንስ ለመጥራት 907 ደወልኩ። ስልኬ ሁለት ባር ያሳያል፤ ጥሪው አይወጣም። ደገምኩ፤ አይወጣም። በነጠላ ጫማ ወጥቼ ዳገቱን እስከ አስፋልቱ ሮጥኩ። ጩኸቴን የሰሙ ጎረቤታችን መኪናቸውን አስነስተው ጤና ጣቢያ አደረሱን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ደህና ናት። ያን ዳገት ስሮጥ ያሰብኩትን ግን አልረሳውም። እኔ ቀን ሥራ ነኝ፤ እሷ ብቻዋን ናት።

መርካቶ አንድ ሱቅ ቡስተር (የኔትወርክ ማጉያ) አይቻለሁ። ውጭ የሚሰቀል አንቴና፣ መሀል ላይ ሳጥን፣ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ አንቴና። ሻጩ «ሙሉ ባር ያደርግልሻል» አለኝ። ዋጋው የወር ደሞዜን ሊጨርሰው ምንም አልቀረው። ልግዛው?

የአባዶ ልጅ | እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡41

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ቤታችን መሀል ላይ ስለሆነ በሁሉም በኩል ሕንጻ ከቦታል፤ ችግርሽ ይገባኛል።

ብር ከማውጣትሽ በፊት ዛሬውኑ የምትችይው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የእናትሽን ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ የኔትወርክ ዓይነቱን 2ጂ ብቻ አድርጊው። ለኢንተርኔት አይሆንም፣ ለጥሪ ግን የእኔ እናት ስልክ እንደዚያ ከሆነ ወዲህ መቆራረጡ ቀንሷል። ሁለተኛ፣ የሌላውን ኦፕሬተር ሲም ከጎረቤት ተበድረሽ ሞክሪው። ከ2015 ወዲህ ሳፋሪኮምም ስላለ ምርጫ አለን። የአንዱ የኔትወርክ ማማ ከጉብታ ጀርባ ሲሆን የሌላው ፊት ለፊት ሊሆን ይችላል።

ትዕግስት ለቡ | እሁድ፣ ከምሽቱ 4፡05

ሰናይት አይዞሽ። ለእናትሽ መደበኛ ስልክ አስቢበት። አያቴ አልጋዋ ራስጌ ላይ አለላት፤ እጇን ዘርግታ ታነሳዋለች። ሞባይል ከመጣ ወዲህ ሁላችንም ረሳነው እንጂ ቤት ለሚውል ሰው እሱን የሚያህል የለም።

ባለገመዱ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡10

ልጄ፣ ከመግዛትሽ በፊት አንድ ቀን ስጪኝ። ዕድሜዬን በሙሉ በዚህ በስልክ ኔትወርክ ሥራ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።

መጀመሪያ መለካት አለብን። ባሩን አትመኚው። ባር የስልክ አምራቹ በራሱ ልክ የሚስለው ሥዕል ነው፤ የአንዱ ስልክ ሦስት ባር በሌላው አንድ ሊሆን ይችላል። እውነቱ ያለው በቁጥሩ ላይ ነው። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ፣ ከዚያ «ስለ ስልኩ»፣ ከዚያ የሲም ሁኔታ የሚለውን ክፈቺ፤ የሲግናል ጥንካሬ በዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ) ተጽፎ ታገኚያለሽ። አይፎን ከሆነ *3001#12345#* ብለሽ ደውይ።

ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው። ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይጠነክራል። 4ጂ ላይ ከሆንሽ -80ዎቹ በጣም ጥሩ ናቸው። -100 ያስኬዳል። ከ-110 ሲወርድ መንገዳገድ ይጀምራል፤ -120 ላይ የለም በይው። የ2ጂ አለካክ ይለያል፤ እዚያ -70 ጥሩ ነው፣ -100 ደካማ ነው። ስለዚህ ስትለኪ ስልኩን አንድ ዓይነት ላይ ቆልፊው፤ አለበለዚያ በርበሬና ስኳር በአንድ ሚዛን እንደመመዘን ነው።

ሌላም ልብ በይ። 3 ዲቢ ሲጨምር ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፤ 10 ሲጨምር አሥር እጥፍ። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ትርጉሙ ትልቅ ነው።

የእናትሽ አልጋ ላይ፣ ሳሎን፣ ወጥ ቤት መስኮት፣ ግቢው አራቱም ማዕዘን ላይ ለኪ። ከፍ ያለ ነገር ካለም ውጪበት። እያንዳንዱ ቦታ ላይ አንድ ደቂቃ ቁሚ፤ ቁጥሩ ዘግይቶ ነው የሚለወጠው። ይህን ሁሉ የማስለፋሽ ቡስተር ኔትወርክ ስለማይፈጥር ነው። ያለውን ነው የሚያጎላው። ውጭ ላይ ከሌለ ምኑን ያጎላል?

ኤርሚ ዓለም ባንክ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ዲሽ ሰቃይ ነኝ። ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ቤቱ ነው። ቆርቆሮ ብረት ነው፤ ከላይ የመጣውን ሞገድ መልሶ ይወረውረዋል። ብሎኬት ትንሽ ይበላል፤ ሶሌታና ኮለን ግን ፌሮ ስላለበት ብዙ ይበላል። የድሮ ጭቃ ቤቶች ውስጥ ግድግዳው ያን ያህል አያስቸግርም። ሰው ቤቱን አፍርሶ ጂ ፕላስ ዋን ሲሠራ ኔትወርኩ አብሮ የሚጠፋው በዚህ ነው። ደንበኞቼ «ኔትወርኩ ተበላሸ» ይሉኛል። የተለወጠው ግን ግድግዳው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልስጥ። የዲሽ ገመድ ለቡስተር የሚያደርጉ ልጆች አሉ። እኔም በፊት አድርጌያለሁ፤ አሁን አላደርግም። የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው፤ የሞባይል አንቴናና ሳጥኑ 50 ኦም ናቸው። አይገጣጠሙም። የደንበኛ ብር ነው የሚባክነው።

ሰናይት ዘፉሪ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ጋሼ ባለገመዱ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ሁላችሁንም። ከሥራ እንደተመለስኩ ደብተር ይዤ ለካሁ። ስልኩን 4ጂ ላይ ቆልፌው ነው።

የእናቴ አልጋ -118። ሳሎን -113። ወጥ ቤት መስኮት -106። ግቢ ውስጥ በአማካይ -101። የውሃ ሮቶው የተቀመጠበት ማማ ላይ ወጣሁና ፊቴን ወደ ከተማው ሳዞር -88!

ከአልጋው እስከ ማማው 30 ዲቢ ልዩነት አለ። እርስዎ እንዳሉት ካሰላሁት አንድ ሺህ እጥፍ ነው። ሳይ ደነገጥኩ፤ ኔትወርኩ ከጭንቅላታችን በላይ ነበር ማለት ነው። ቡስተሩን ልገዛ ወስኜ ነበር።

ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ማማው ላይ ሆኜ፣ -88 እያሳየኝ፣ ለወንድሜ አሥር ጊዜ ደወልኩ። የወጣው ሦስቱ ብቻ ነው። ለምን?

ባለገመዱ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ሰናይት፣ እንዳትገዢ። ቆይ።

መጀመሪያ ላይ የጻፍሽውን ተመልሼ አነበብኩት። «ሁለት ባር ያሳያል፣ ጥሪው አይወጣም» ብለሻል። «እኔ እሰማለሁ፣ እነሱ አይሰሙኝም» ብለሻል። ያኔውኑ ማየት ነበረብኝ፤ አለፈኝ።

ስልክ ሁለት መንገድ ነው። አንዱ ከኔትወርክ ማማው ወደ አንቺ፣ ሌላው ከአንቺ ወደ ማማው። ስልክሽ የሚያሳየው ባርም ቁጥርም የመምጫውን ብቻ ነው። ማማው በ20 እና በ40 ዋት ይጮኻል፤ ያንቺ ስልክ 4ጂ ላይ ቢበዛ 0.2 ዋት ነው ያለው። 2ጂ በ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ላይ ሲሆን እስከ 2 ዋት ይደርሳል፤ የአባዶው ልጅ 2ጂ አድርጊው ያለሽ የሚሠራው አንድም በዚህ ነው። ማማው ያንቺን ሹክሹክታ የሚሰማው ዙሪያው ጸጥ ሲል ነው። አጠገቡ ሌላ ጩኸት ካለ አንቺን አይሰማም። ስልክሽ ግን እሱን ጥርት አድርጎ ስለሚሰማ ሙሉ ባር ያሳያል።

ጩኸቱ ከየት ይመጣል? አንዱ የታወቀ ምክንያት በሰፈሩ ውስጥ ያለ፣ በትክክል ያልተገጠመ ቡስተር ነው። ሰርግ ቤት ማይክራፎኑ ስፒከሩ አጠገብ ሲመጣ ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት ይሰማል አይደል? ማይኩ የስፒከሩን ድምፅ ይሰማል፣ ስፒከሩ ደግሞ የማይኩን፤ እየተቀባበሉ ያብዳሉ። የቡስተር ውጭ አንቴናና ውስጥ አንቴና ከተቀራረቡም ይኸው ነው። ፉጨቱን የእኛ ጆሮ አይሰማውም፤ ማማው ግን ይሰማዋል። አንድ ቤት ያስገባው ሳጥን መንደሩን በሙሉ ሊያደነቁረው ይችላል።

«ከጥቂት ወራት ወዲህ ብሶበታል» ብለሻል። በእነዚያ ወራት አዲስ ነገር የሰቀለ ጎረቤት አለ? ጣሪያዎቹን ተመልከቺ። ዲሽ አይደለም የምትፈልጊው። የዓሣ አጥንት ወይም የቀስት ጫፍ የሚመስል፣ በአግድም ወደ ማማው የተነጣጠረ ነው።

ካገኘሽ በቁጣ እንዳትሄጂ። ሰውየውም እንዳንቺው ጨንቆት ነው የገዛው። ለግማሽ ሰዓት እንዲያጠፉት ብቻ ለምኛቸው፤ አንቺ የውሃ ማማው ላይ ውጪና እንደገና አሥር ጊዜ ደውይ።

ሱሉልታ ነኝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡48

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ትንሽ አልተዋጠልኝም። መዳፍ የምታህል ሳጥን ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ታወር ታውካለች?

ባለገመዱ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሳጥኗ ኃይለኛ ስለሆነች አይደለም። ማማው በጣም ስስ ጆሮ ስላለው ነው። ያንተ ስልክ የሚልከው እዚያ ሲደርስ -100 እና ከዚያም በታች ሆኖ ነው፤ ማማው እሱን እየለየ ያነባል። ቡስተሯ ደግሞ የዓሣ አጥንት አንቴናዋን በቀጥታ ወደ ማማው አነጣጥራ፣ 60 እና 70 ዲቢ አጎልታ፣ ቀኑን ሙሉ ሳታቋርጥ ትለቃለች። የሚንሾካሾክ ሰው መሀል አንድ ሰው ጡሩንባ ሲነፋ አስበው። ጡሩንባው ትንሽ ቢሆንም ጆሮ ላይ ነው የተነጣጠረው።

የአባዶ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

ሰናይት ምን አገኘሽ? ይህን ሳነብ አድሬ እኛም ሕንጻ ላይ ሁለት የቀስት ጫፍ የሚመስሉ አይቻለሁ።

ሰናይት ዘፉሪ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡10

አገኘሁት። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ማክሰኞ ማታ ማማው ላይ ወጥቼ ዙሪያውን ሳይ፣ ከእኛ አጥር ቀጥሎ ያለው ግቢ ውስጥ የዓሣ አጥንት የሚመስለው አለ። ግቢው የጎረቤታችን ነው። ሐሙስ ሌሊት እናቴን ተሸክመው መኪናቸው ውስጥ ያስገቧት ሰውዬ።

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። እናቴን ያተረፉልኝን ሰው በየትኛው አፌ ልናገራቸው? እናቴ ናት የመከረችኝ። «ከእሳቸው የምትደብቂው ነገር አይኑር፤ እኔን ለማዳን የሮጠ ሰው ሳጥን ለማጥፋት አይከብደውም» አለችኝ።

ዛሬ ከሥራ መልስ ሄድኩ። ባለቤታቸው ቡና እያፈሉ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ደረስኩ። ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የጋሼንም ጽሑፍ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አንብበው ሲጨርሱ ተነሱና ሶኬቱን ነቀሉት። ቡስተሩን ያስገቡት ውጭ አገር ካለች ልጃቸው ጋር ለመነጋገር ነው። እሳቸውም መጀመሪያ ሳምንት ጥሩ ሆኖላቸው ከዚያ እንደማይሠራ ነገሩኝ። «የተበላሸው ኔትወርኩ መስሎኝ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት» አሉ።

ማማው ላይ ወጣሁ። አሥር ጊዜ ደወልኩ። ዘጠኙ ወጣ። ያሳየኝ ቁጥር ያው -88 ነው፤ ምንም አልተለወጠም። ጥሪው ግን ወጣ።

ከዚያ ወጥ ቤት መስኮት ላይ 2ጂ አድርጌ ሞከርኩት። ወጣ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

የውጭ አንቴናቸው የጣሪያው ጫፍ ላይ ነው፤ የውስጡ ደግሞ እዚያው ሥር ከመስኮቱ ጋር። መሀላቸው ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። አሁን ጥያቄው የሁለታችንም ነው። እሳቸው አራርቀው ቢሰቅሉት ይሆናል? እኔስ የእናቴ አልጋ ጋ ኔትወርክ እንዴት ላድርስ?

ባለገመዱ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡50

እናትሽ ብልህ ሴት ናቸው። ለጎረቤትሽም ምስጋናዬን አድርሺልኝ። ሶኬቱን ያለ ጭቅጭቅ የሚነቅል ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ስለ ማራራቁ፤ በሥራው ሕግ ሁለቱ አንቴናዎች ሊነጣጠሉበት የሚገባው መጠን ሳጥኑ ከሚያጎላው በ15 ዲቢ ገደማ መብለጥ አለበት። 70 የሚያጎላ ከሆነ 85 ዲቢ መለያየት ያስፈልጋል። አንዱን ከጣሪያ በላይ በረጅም ምሰሶ፣ ሌላውን ከኮርኒስ በታች አድርጎ፣ ቆርቆሮውን መሀል አስገብቶ፣ ማጉያውንም ቀንሶ ይሞከራል። ግን ያለ መለኪያ መሣሪያ በግምት የሚሠራ አይደለም። ሌላም ነገር አለ። ሞገዱን ለመጠቀም ፈቃድ ያላቸው ኦፕሬተሮቹ ናቸው፤ በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው የሚያስተዳድረው። ከገበያ የተገዛ ሳጥን በዚያ ሞገድ ላይ በራስ ፈቃድ መልቀቅ የለበትም። የሚያስፈልግ ከሆነ በኦፕሬተሩ በኩል፣ በባለሙያ ይሁን። ስለዚህ ምክሬ ይውረድ ነው።

በምትኩ ሁለታችሁም ይህን አድርጉ። የ4ጂ ራውተር ግዙ፤ ከጀርባው የውጭ አንቴና መግቢያ ያለው መሆኑን አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው። አንቴናውን ያንቺ የውሃ ማማ ላይ፣ -88 ያገኘሽበት ቦታ ስቀሉ። ይህ ምንም አያጎላም፤ የራውተሩን ጆሮና አፍ ወደ ጣሪያ ማውጣት ብቻ ነው። ስለዚህ አያፏጭም፣ ማንንም አይጎዳም። ከራውተሩ ዋይፋይ ደግሞ እናትሽ አልጋ ድረስ ይመጣል፤ በቴሌግራም ይደወላል።

907 ለመደወል ግን ዋይፋዩን እንዳትመኪ። ለእሱ የእናትሽ ስልክ 2ጂ ላይ ይሁን፤ አልጋቸውንም ወደ መስኮቱ አዙሪው። ወይም የትዕግስትን ምክር ስሚ፣ መደበኛ ስልክ አስገቢ። የጎረቤትሽም ስልክ ቁጥር ግድግዳ ላይ በትልቁ ይጻፍ።

የለካሻቸውን ቁጥሮች አትጣያቸው። ከጎረቤቶችሽ ጋር ሆናችሁ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ ለኦፕሬተሩ አስገቡ። «ኔትወርክ የለም» ከሚል አቤቱታ ይልቅ ቁጥር ያለበት ወረቀት ነው መሐንዲሱ እጅ የሚገባው።

ኤርሚ ዓለም ባንክ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ሰናይት፣ ሰቀላውን እኔ ልምጣና ልሥራልሽ። ለእናትሽ ስል ነው፤ የእጅ አልጠይቅም። ምሰሶውን ግን ኧርዝ እናደርገዋለን፤ በሽቦ ከመሬት ጋር እናገናኘዋለን ማለት ነው። የፉሪ መብረቅ በክረምት የዋዛ አይደለም፤ ከፍ ያለ ብረት ሰቅሎ ያለ ኧርዝ መተው ቤት ማስመታት ነው።

ሰናይት ዘፉሪ | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ፣ ከቀኑ 9፡30

ቃል በገባሁት መሠረት ውጤቱን ልንገራችሁ።

ኤርሚ መጥቶ ሰቀለልን። እግዚአብሔር ይስጠው። አንቴናው ማማው ላይ ነው፤ ራውተሩ ኮርኒሱ ሥር ከአንቴናው አጠገብ ተሰቅሏል። ከጎረቤቶቻችን ጋር ግማሽ ግማሽ አወጣን፤ ዋይፋዩ አጥሩን አልፎ ሳሎናቸው ይደርሳል። ራውተሩ የሚሠራው በ12 ቮልት ስለሆነ ትንሽ ባትሪ አስገባንለት። ማክሰኞ መብራት ሲጠፋ አልተቋረጠም።

የእናቴን አልጋ ወደ መስኮቱ አዞርነው። ስልኳ 2ጂ ላይ ነው። ሥራ ቦታ ሆኜ በቀን ሁለት ጊዜ እደውላለሁ፤ እስካሁን አንድም ቀን ሳይገባ አልቀረም። ድሮ ማታ ማታ ስልኳ ግሎ ባትሪው ያልቅ ነበር፤ ያም ቀረ። መደበኛ ስልኩንም አመልክተናል። አቤቱታውን አሥራ አራት አባወራ ፈርሞበታል።

የአባዶ ልጅ | እሁድ፣ ከቀኑ 9፡52

እልል! እኛም ሕንጻ ላይ ኮሚቴ ጠርተናል። ኤርሚ፣ ገመዱ ምን ዓይነት ነው? ስንት ሜትርስ ተጠቀማችሁ? የእኛ ከጣሪያ እስከ ቤት 20 ሜትር ይሆናል።

ኤርሚ ዓለም ባንክ | እሁድ፣ ከቀኑ 10፡05

20 ሜትር በገመድ እንዳታወርደው። ቀጭኑ 50 ኦም ገመድ በ10 ሜትር 5 ዲቢ ገደማ ይበላል፤ ያውም በ900 ሞገድ ነው፣ በ1800 ይብሳል። በአንቴና ያገኘኸውን ገመዱ ይጨርሰዋል። ሰናይት ቤት ሁለት ሜትር ብቻ ነው የተጠቀምነው። አንተም ራውተሩን ውሃ በማይገባው ሳጥን አድርገህ ጣሪያ ሥር ስቀለው፤ ከዚያ ወደ ቤት የኔትወርክ ገመዱን አውርድ። እሱ እስከ 100 ሜትር ችግር የለበትም። ቅዳሜ በዚያ በኩል ሥራ አለኝ፤ ብቅ ብዬ አየዋለሁ።